ጅራት ያለው ፊርማ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጥፋተኛው አማቼ ነው። ይህን ደብተር የገዛልኝ እሱ ነው። “እማማ፣ ፊደል ከቆጠሩ አይቀር የሚጽፉበት ይኑርዎት” አለኝ። እሺ፣ እንጻፍ። በስልሳ ሁለት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገባሁ። አሁን ስልሳ አራት ነኝ፣ ማንበብም መጻፍም እችላለሁ። እሱ ልብስ ሰፊ ነው። የፊት ክፍሉን ይዞ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን ያንጣጣል። ሲሰፋ ያፏጫል። ልጄ ምን አይታ እንዳገባችው… ተይው።

ዛሬ ከልጄ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። ሕፃኑ ተመዘነ፣ ሦስት ወሩ ነው። ነርሷ “ጎሽ፣ ጨምሯል” አለች። የእኔን ግፊት ለካች። “እማማ፣ ጨው ይቀንሱ፣ ዘይት ይቀንሱ፣ ንዴትም ይቀንሱ።” ሲወለዱ ጨምር፣ ሲያረጁ ቀንስ። ጨውና ዘይቱን እሺ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ጭራሮ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣች። የልጄ ትልቋ ናት፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ። ከክሳቷ የተነሣ ጭራሮ ያልኳት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሴት ልጆች የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ይሰጣል፣ አሳዳጊ ይፈርም ተባለ። እህቴ የሄደችው በዚህ በሽታ ነው። በአርባ ሁለት ዓመቷ። ስለዚህ የሚያነጋግር ነገር የለውም።

ልጄ እያጠባች ነበር። “እማዬ፣ አንቺ ፈርሚላት። ያንቺ ፊርማ ያምራል።”

ያምራል። ጅራት አለው። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር። አንብቢ ብለው ወረቀት ሲሰጡኝ “መነጽሬን ቤት ረሳሁ” እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ “እስቲ ነገ ይዘሽው ነይ” ያለኝ ሰው የለም።

“አያቴ፣ አንብበሽዋል?” አለች ጭራሮ።

“አንብቤዋለሁ።”

ወረቀቱ ደብዛዛ ነው። ትምህርት ቤቱ ቀለም ይሰስታል። ከታች ፈረምኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዝናብ። ያጠብኩት አልደረቀም።

ምሳ ላይ አማቼ ጠጠር ነከሰ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው። ሩዙን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነከሰም፤ ጥርሱን ይመርመር።

ደግሞ ወሬ ይዞ መጣ። “ያ ክትባት ያመክናል ይባላል።” ልጄ “ማን አለ?” አለችው። “ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰውዬ።” ሱሪ አሳጣሪው ሁሉ ሐኪም ሆኗል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጭራሮ ሳትከተብ ተመለሰች።

እጅጌዋን ጠቅልላ ተሰልፋ ነበር። ስሟን ሲጠሩ “ያንቺ ቤተሰብ አልፈቀደም” ብለው ከሰልፉ አወጧት። ከክፍሏ እሷ ብቻ። ጓደኞቿ “ምን አለብሽ?” አሏት። መጸዳጃ ቤት ተቀምጣ ዋለች።

ልጄ ሕፃኑን አስታቅፋኝ ወደ ፊት ክፍል ገባች። መኪናው ጸጥ አለ።

“አንተ ነህ።”

“ኧረ እኔ ወረቀቱን በዓይኔም አላየሁት።”

“ሱሪ አሳጣሪህ አይቶት ይሆናላ።”

“እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት።”

“እኔ ፈርሜያለሁ” አልኩ። “ከዚያ ወዲህ ማን እንደነካካው አላውቅም።”

ዋሸሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት። ደስ አለኝ እንዴ? ትንሽ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ቤቱ ዝም ብሏል። አማቼ ምሳውን ከጨርቁ ጋር ይበላል። ማፏጨት ትቷል። 

ልጄ ትምህርት ቤት ደውላ ጠየቀች። የከለከለው ሰው ራሱ መጥቶ ይፍቀድ አሏት። ከታቢዎቹ ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚቆዩት እስከ ማክሰኞ ነው። ከዚያ ወደ ሌላ አካባቢ ይሄዳሉ፣ የሚመለሱት ለዓመቱ ነው። “ሂድና ፍቀድ” ትለዋለች። “ያልከለከልኩትን እንዴት ልፍቀድ?” ይላታል። ጭራሮ በመሃል ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

በመጨረሻ “ወረቀቱን ራሴ አመጣዋለሁ” አለ። ያምጣው። በገዛ እጁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አመጣው።

ለልጄ አላሳያትም። ወጥ ቤት መጣ። ሩዝ እለቅም ነበር። ወረቀቱን ዘርግቶ ትሪው አጠገብ አስቀመጠ፣ ጣቱንም አስቀመጠበት። ሁለት መስመር ነው። ላይኛው “እፈቅዳለሁ”፣ ታችኛው “አልፈቅድም”። ፊርማዬ ታችኛው ላይ ተቀምጧል። ጅራቱ ተዘርግቶ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ደርሷል።

“መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው” አልኩ።

የቆምነው ቤት ውስጥ ነው።

አልሳቀም። “እማማ፣ ለመሆኑ መነጽር አለዎት?”

በዕድሜዬ ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው።

ከትሪው ላይ ጠጠር አነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለቅሜ ከጨረስኩት ክምር ውስጥ። መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። “እኔ አልነግራትም። እርስዎ ይንገሯት” ብሎ ወጣ።

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ቀኝ ዓይኔን ሸፍኜ በግራው መስኮቱን አየሁ። ልብስ ማጠንከሪያ ስታርች ውስጥ እንደተነከረ አንሶላ። ግራውን ሸፍኜ በቀኙ አየሁ። ትንሽ ይሻላል፣ ትንሽ ብቻ። ከክረምት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለማን ይነገራል? ማንበብ የቻልኩት ትናንት፣ ዓይኔ የሚሄደው ዛሬ። ሠላሳ አንድ ዓመት የዋሸሁት ነገር እውነት ሆኖ መጣ።

ስለ እህቴም ይጻፍ።

በመጨረሻው ዓመቷ ከባሏ ጋር ሆና ጓዳዬ ተከራይታ ነበር። ልብሷንም አንሶላዋንም የማጥበው እኔ ነበርኩ። ደም አየሁ። በየሳምንቱ አየሁ። ከሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል በየቀኑ እንዲህ ያለ አንሶላ ይወርድልኝ ነበር፣ የትኛው ደም ምን እንደሆነ ከነርሶቹ እኩል አውቃለሁ። “ድካም ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ነውር ነው” አለችኝ። አልነገርኩም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ለቀቀ። እሷ ከሄደች በኋላ ጥፋተኛው ባሏ ነው አልኩ። ሃያ ዓመት ሰላም አላልኩትም።

ያኔ ዓይኔ ደህና ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ምሳ ላይ ነገርኳቸው። መጀመሪያ የፊርማውን፣ ቀጥሎ የዓይኔን፣ ቀጥሎ የአንሶላውን።

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። “ሳምንት ሙሉ እያየሽን?”

“ስድስት ቀን” አልኩ።

“እማዬ።”

“እሺ፣ ሳምንት።”

ጭራሮ “አንብቤዋለሁ ብለሽኝ ነበር” አለች። ዋሽቼሽ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበች። “እኔም የቤት ሥራ ላይ እንደዚያ እላለሁ።” ማንም አልሳቀም። ልጄ የባሏን ሳህን አንስታ እንደገና ሞላችለት። ይቅርታ መሆኑ ነው። ለእኔ ግን ሳህን መሙላት አይበቃም ነበር፣ ስለዚህ በአፌ አልኩት። “አጥፍቻለሁ፣ ልጄ” አልኩት። ልጄ ብዬው አላውቅም። ጉንጩ ሞልቶ ስለነበር ራሱን ነቀነቀልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሱቁን ዘግቶ ሁላችንንም ጤና ጣቢያ ወሰደን። ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ከታቢዎቹ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል።

ነርሷ አዲስ ወረቀት ሰጠችኝ። “አይታየኝም” አልኩ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ዞረ። ጭራሮን አንብቢልኝ አልኳት። ከማኅተሙ ጀምራ አነበበችው፣ ድምፅዋ ደግሞ ለሰፈር ይበቃል። የምፈርምበት ቦታ ላይ ጣቷን አስቀመጠች። ፈረምኩ። ያለ ጅራት።

ተወጋች። “ይኸው ነው?” አለች። ሕፃኑ አይቷት ለእሷ አለቀሰላት።

ልጄም ሳትጠየቅ ለማህፀን በር ምርመራ ተመዘገበች። የአንሶላው ነገር ከልቧ አልወጣም። ነርሷ ዓይኔን በመብራት አየች። “ሞራ ነው፣ እማማ። ይገፈፋል። ማን ያመጣዎታል?”

“ልጄ” አልኩ። ልጄ ቀና ስትል “አንቺን አይደለም” አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ግራው ዓይኔ ከተገፈፈ ሁለት ሳምንት ሆነው። ቀኙ ለጥር ተቀጥሯል። ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ጽሑፌ ከመስመር ወጥቶ ሽቅብ ይሄዳል፣ ማንም አልነገረኝም። አማቼ ሸብቷል፣ እሱንም ማንም አልነገረኝም። ግድግዳው ቆሽሿል። ሩዙ ጠጠር የለውም። ማፏጨቱ ተመልሷል፣ ጥሩ አያፏጭም።

የልጄ ምርመራ ንጹሕ ነው ተባለ። ከዚያው ስንመለስ የእህቴን ባል መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰላም አልኩት። ሌላ ሰው የጠራሁ መስሎት ወደ ኋላው ዞረ።

አማቼ የማንበቢያ መነጽር አሠራልኝ። ቡናማ ነው። ማኅደሩን ከሱሪ ቅዳጅ ሰፋልኝ። ቀና አድርጌ አየሁት፣ የዚያ ሱሪ ያሳጠረው ሰውዬ ነው የሚል ጥርጣሬ አለኝ። አልጠየቅኩም።

የማይታየኝን አይታየኝም፣ አንብቡልኝ እላለሁ። መነጽሬን ቤት ረሳሁ ግን ከእንግዲህ አልልም። ብረሳውም።