በቀይ እርሳስ የተሰረዘው «አባት»

ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.
የአመልካች ዕድሜ፦ ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን

ለቤተሰብ ምዝገባና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በገዛ እጄ የሰረዝሁት አንድ ቃል ወደ ቦታው እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

1. እኔ አመልካች በማተሚያ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት በአራሚነት አገልግዬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቤ ግድፈቱን በቀይ እርሳስ ማመልከት ነበር። ጡረታ ስወጣ ወንበሩን መለስሁ፤ እርሳሱን ግን አልመለስሁም። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የገባ ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ ይሁን የመድኃኒት መመሪያ፣ ሳይታረም ወጥቶ አያውቅም። ይህን የምጽፈው ልመጻደቅበት ሳይሆን ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ እንዲታወቅልኝ ነው።

2. ልጄ በሐኪም ቤት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ስድስት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ዕድገት ዘንድሮ ደርሷት፣ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ኅዳር 30 ቀን በክፍል ኃላፊነት ሥራ እንድትጀምር ታዝዛለች። በዚያ በሐኪም ቤቱ ግቢ የሚሰጣት መኖሪያ ከእርሷ ጋር የሚያስገባው በእናንተ ማስረጃ የተረጋገጠ ቤተሰብን ብቻ ነው። ስለዚህ የቤተሰብ መግለጫ ቅጽ ሞልታ፣ «ዝምድና» በሚለው አንጻር «አባት» ብላ ጽፋ፣ እንድፈርምበት ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። በላዩም «ፈርምና ፖስታ ቤት አድርስልኝ፤ ሌላ ነገር እንዳትነካ» የሚል ቁራጭ ወረቀት አኑራ ነበር። ቁራጯ ወረቀት አራት ነጥብ ስለ ጎደላት ጨመርሁላት። ከዚያ ወደ ቅጹ ተሻገርሁ።

3. ቅጹን ሰባት ቦታ ነካሁት። ስድስቱ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ናቸው። ሰባተኛው «አባት» ነው፤ ሰርዤ ከበላዩ «የእናቷ ባል» ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁ፤ ላክሁት። ሥራዬን በደንብ እንደ ሠራሁ ተሰምቶኝ ነበር።

4. ለምን እንደ ሰረዝሁት ለማስረዳት ሠላሳ አምስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ ክቡርነትዎ ይታገሡኝ። እናቷን ሳገባ ልጅቷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ወላጅ አባቷ መልኩን ሳታውቀው ሞቷል። በመጀመሪያው ቀን ገበታ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ቆይ፣ አንተን ምን ብዬ ነው የምጠራህ?» አለችኝ። እናቷ «አንቱ በይ!» ብላ በጠረጴዛው ሥር ጎነተለቻት። «እሺ፣ አንቱን ምን ብዬ ነው የምጠራህ?» ብላ አስተካከለች።

በቤታችን የክርክር ሸንጎ የተቋቋመው ያን ዕለት ነው። ሰሐን ሲነሣ ይጀመራል፤ ባለቤቴ ጭልፋ ይዛ ትዳኛለች። ልጅቷ «ጋሼ» ልበልህ አለች፤ ለታላቅ ወንድም የሚባል ነው ብዬ ተቃወምሁ። እናቷ «አባባ»ን አቀረበች፤ ልጅቷ ፀጉሬን አገላብጣ አይታ «ይኼ እኮ ገና ጥቁር ነው፤ አይሆንም» ብላ ጣለችው። «አባዬ» ላይ ስንደርስ ጭልፋው ከፍ እንዳለ ቀረ። ያን ጊዜ እኔ ተናገርሁ፤ ያ ቃል የሞተው ሰው ነውና ይቀመጥለት አልሁ። ዳኛዋ ጭልፋዋን መታች። ልጅቷም በሥራዬ «አራሚው» ብላ ጠራችኝ።

ከዚያ ወዲያ ያልተከራከርንበት ነገር የለም። ድሮ በቃልና በቃል መካከል ትቆም ስለ ነበረችው ሁለት ነጥብ ብቻ ሁለት ክረምት ተሟግተናል። እኔ ቃል ከቃል ሳይጋፋ በክብር የሚቆመው በእርሷ ነው ስል፣ ልጄ «ባዶ ቦታ እያለ ዘበኛ ምን ያደርግለታል?» ትለኝ ነበር። ድርብ ሰረዝን «ምራቅ መዋጫ» ብላ የሰየመችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላም ጭልፋው በጠረጴዛው መካከል እየተቀመጠ ሁለታችን ተከራክረናል። ያን የመጀመሪያውን ጉዳይ ግን ዳግመኛ የከፈተው አልነበረም። በቅጹ ላይ እርሷ እንደ ከፈተችው አልገባኝም። ለእኔ የታየኝ ለሟቹ የገባሁት ቃል ነው።

5. ኅዳር 5 ቀን ከጽሕፈት ቤታችሁ የደረሳት ደብዳቤ «አባት የተባሉት ግለሰብ ዝምድናውን ስላላመኑ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል» ይላል። (በደብዳቤው ሁለት ግድፈት አለ፤ አልነካኋቸውም።) ልጄ አንብባ ፊቴ አኖረችውና «አራሚው፣ ይኼንንም አረምከው?» አለችኝ። የመጨረሻዋ «አራሚው» ያቺ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ሆኛለሁ። «ምሳዎ ቀርቧል።» «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ለአክብሮት የተሠራ ቃል እንዲህ እንደሚያቆስል በዕድሜዬ አላወቅሁም ነበር።

6. በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት አራት ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው መስኮት ያሉት ሠራተኛ ትሑት ሴት ናቸው። «አባባ፣ ራስዎ የሰረዙትን እኔ ምን ላድርገው?» አሉኝ። «አባባ፣ እዚያ አግዳሚው ላይ ዐረፍ ይበሉ።» «አባባ፣ አሁንም ተነሡ?» በአራተኛው ጊዜ ቆጠርሁ፤ አሥራ አንድ ጊዜ አባባ ብለውኛል። እንደ ወቀሳ አይቆጠርብኝና፣ እርሳቸው ያለ ቅጽና ያለ ፊርማ የቸሩኝን ስም፣ ያሳደግኋት ልጅ በማመልከቻ ስትጠይቅ ልትከለከል አይገባም።

እዚያው አግዳሚ ላይ ሳለሁ፣ እጄ ዝም ብሎ አልቀመጥ ስላለኝ፣ ባዶ ቅጽ አንሥቼ ገለበጥሁት። በጀርባው በደቃቅ ፊደል «አባት ማለት የወለደ ወይም ያሳደገ ነው» ይላል። ጀማሪ አራሚዎችን «ጀርባውን ሳታዩ አትፈርሙ» ስል የኖርሁ ሰው ጀርባውን አላየሁም። ልጄ ግን አይታዋለች። ያን ቃል የጻፈችው አስባበት ነው።

7. አሁን እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ይህን ስጽፍ ስድስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። መተላለፊያው በካርቶን ተሞልቷል፤ ከደብዳቤው በፊት ባሸገችው ላይ «የአራሚው መዝገበ ቃላት» ይላል፤ ከደብዳቤው በኋላ ባሸገችው ላይ «የእርስዎ መጻሕፍት»። ትናንት ደግሞ የራሷን ካርቶን ስትፈታ አገኘኋት። ዕድገቱን ልትተወው ነው። ብቻዬን መኖር አያቅተኝም ብዬ ብቆጣ «እርስዎን ጥዬ የትም አልሄድም» አለችኝ። በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲህ አቅፎ የገፋኝ ሰው የለም።

8. ለሟቹ ስለ ገባሁት ቃል፦ ቦታውን ሠላሳ አምስት ዓመት ጠብቄለታለሁ። የሰጠችኝ እርሷ ናት እንጂ እኔ አልወሰድሁበትም።

9. በሙያችን አራሚ በስሕተት የሰረዘው ቃል የሚመለስበት ወግ አለ። ከተሰረዘው ቃል ሥር ነጠብጣብ ይደረጋል፤ በኅዳጉ «እንደ ነበረ ይቆይ» ተብሎ ይጻፋል፤ ፊደል ለቃሚውም ያለ ጥያቄ ቃሉን ይመልሳል። ስለዚህ በሦስተኛው መስኮት ቀርቤ፣ በዚያው ቅጽ ላይ፣ በዚያው እርሳስ፣ ከ«አባት» ሥር ነጠብጣቡን እንዳደርግና እንድፈርምበት እንዲፈቀድልኝ፣ ማስረጃውም ከኅዳር 30 ቀን በፊት ለልጄ እንዲሰጣት በትሕትና አመለክታለሁ። የቀሩትን ስድስት እርማቶች፣ ትክክል ቢሆኑም፣ ጽሕፈት ቤቱ እንደ ወደደ ያድርጋቸው።

ዕረፍት ካጣ ሰው ሰላምታ ጋር፤

(ፊርማ)
አባቷ

ግልባጭ፦
ለልጄ፣ በገበታው ጠረጴዛ ላይ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽሑፍ ከልማዴ ውጭ ደግሜ አላነበብሁትም፤ ግድፈት ቢገኝበት እንደ ነበረ ይቆይ። ወደ ሦስተኛው መስኮት እስክጠራ ድረስ ቀይ እርሳሱን ለልጄ አስረክቤያለሁ። ተቀብላ ከጭልፋው ጎን አኖረችው። አሁን ፖስታውን አሽጌ እልከዋለሁ።