ምን ብለው ፈለጉን?

የካቲት 5

ሰሌዳው ዛሬ ተሰቀለ። በሁለተኛው ሙከራ። መጀመሪያ ሰሌዳ ጸሐፊው «ሰላዲን የጥቁር ልብስ መደብር» ብሎ አምጥቶት ነበር። አባ መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። «የኔ ስም ሰላሁዲን ነው። ሁ የት ሄደች?» ሰውዬው፣ ያው ነው ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራዎት ቢለው፣ «ሰው ሁሉ ያጥፋ፣ አንተ ተከፍሎህ አታጥፋ» ብሎ ከነሰሌዳው መለሰው።

እሺ፣ ስሙ ተስተካክሎ ተሰቀለ። የሚያነበው ግን ማነው? መርካቶ፣ ዱባይ ተራ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመጸዳጃው ቀጥሎ። በኛ በኩል የሚያልፈው ሽንት ቤት የቸኮለ ሰው ብቻ ነው። ራጉኤል ጋ የነበረው ሱቃችን ለአዲስ ሕንጻ ከፈረሰ ወዲህ እንዲህ ሆነናል። እዚያ እኮ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ አስፋልት የተሻገረ ሁሉ ያየን ነበር...

ዛሬ የገባው የሕንጻው ጥበቃ ብቻ ነው። ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ።

የካቲት 8

አባ ሻሾቹን ያጣጥፋል፣ ይዘረጋል፣ መልሶ ያጣጥፋል።

ለሕንጻው ባለቤት ሰኔ መጨረሻ ውሉ ሲያልቅ ቁልፉን እንደሚያስረክብ ነግሮታል። ለኔ አልነገረኝም። ከጥበቃው ነው የሰማሁት! ሱቅ የሌለው አባቴ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል? ቤት ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ሲያይ ለማሰብ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ፈራሁ።

የካቲት 10

ሰባተኛ ሰፈር ካለ አንድ ፎቅ ላይ ስልጠና ጀመርኩ። በኢንተርኔት መሸጥ ለጀማሪዎች። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። አሰልጣኙ ደመቀ ይባላል፤ ሲያወራ የሚያሳድደው ሰው ያለ ይመስላል። ነጻ ገጽ እንዴት እንደሚከፈት አሳየን። ከዚያ «ቁልፍ ቃል» አለ። እኔ የይለፍ ቃል መስሎኝ ልጽፍለት... አይደለም። ሰው ስልኩ ላይ ዕቃ ሲፈልግ የሚጽፈው ቃል ነው። ያ ቃል ገጽሽ ላይ ከሌለ ጎግል አያውቅሽም።

«ደንበኛ የሚፈልጋችሁ እናንተ ለዕቃው ባወጣችሁለት ስም አይደለም። እሱ አፍ ላይ ባለው ስም ነው።»

የቤት ሥራው ቀላል ነው። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ሹራብ። እኛ ሱቅ ምን ሌላ ቀለም አለና?

የካቲት 19

ገጹን ከፈትኩ! «ጥቁር ቀሚስ በመርካቶ»። ከሥሩ የአባ ስልክ ቁጥር። አባ አየውና «ጥሩ ነው» አለ። የት እንዳለ ግን የገባው አይመስለኝም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር መስሎታል።

የካቲት 26

ስልኩ ጮኸ። ደጋግሞ ጮኸ። ደስታዬን ሳልጨርስ የአባን ፊት አየሁት።

አንዷ ለልደቴ ነው አለችው። ሌላዋ ከጉልበት በላይ ነው ወይ አለችው። የመጨረሻዋን ሲሰማ ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየኝ። «ሀፍሷ... ጀርባው ክፍት ነው ወይ ትለኛለች!»

በሳቅ ልፈነዳ ነበር። እሱ አልሳቀም። ስልኩን አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አንድም ሰው ወደ ላይ አልወጣም። ቃሉ ሰው አምጥቷል፣ የኛን ሰው ግን አላመጣም። ለምን?

መጋቢት 1

ደመቀን ጠየቅኩት። እሱ ደግሞ መልሶ እኔን።

«ጥቁር ቀሚስ ብላ የፈለገችው ልጅ የት ልትለብሰው ነው?» ድግስ። «እናንተ ጋ የሚመጣውስ?»

«ለቅሶ» አልኩ። ጮክ ብዬ። ከዚያ ዞር ብዬ በሩን አየሁ፣ አባ የሰማኝ ይመስል።

እኛ ሱቅ ይህ ቃል አይነሳም። ለቅሶ፣ ሀዘን፣ ሞት... አንዱም። የመጣው ሰው «ጥቁር ነበር» ይላል፣ አባ «ለስንት ሰው?» ይላል፣ በቃ። ማን እንደሞተ አይጠይቅም። የመጨረሻውን ዋጋ መጀመሪያ ይናገራል፤ የተጎዳ ሰው አይከራከርም ብሎ። ሲሸኝ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ነው። «ተመልሳችሁ ኑ» ብሎ አያውቅም። ወደኛ ሱቅ ተመልሶ መምጣት ለሰው የሚመኙለት ነገር ነው እንዴ?

እኛ ሙስሊሞች ነን፤ በኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ጥቁር አይለበስም። የክርስቲያኑን ጥቁር እንደ አባ የሚያከብር ሰው ግን አላየሁም።

መጋቢት 7

እስቲ ልሞክር ብዬ ስልኬ ላይ «ሐዘን» ብዬ ጻፍኩ። በሐመሩ ሐ፣ የአማርኛ መምህራችን እንዳስተማሩን። ምንም። ስልኩ ዝም አለኝ። ለካ ማንም አይፈልገውም ብዬ ልተወው ስል ጣቴ ስቶ ሌላኛውን ሀ ነካ፣ «ሀዘን»። ወረደልሽ! የሀዘን ዘፈን፣ የሀዘን ግጥም፣ የሀዘን መግለጫ... ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የሀዘን ልብስ።

አለ። የሚፈልገው ሰው አለ። እስካሁን እየጻፈ እያጣን ነው ማለት ነው?

መጋቢት 8

ደመቀ «ሀዘን» ብቻውን እንዳይሆን አለኝ። ዘፈን ፈላጊ ነው የሚበዛበት። «የሀዘን ልብስ በይው። የሚጽፈው ሰው ትንሽ ነው፣ የሚመጣው ግን ሁሉም የናንተ ነው።» በሦስቱም ሀ ጻፊው አለኝ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉም አሉ፣ እሱም ይግባ። «የለቅሶ ልብስ» የሚለውም።

ገብቶኛል። ግን ለአባ ማን ይንገርልኝ?

መጋቢት 12

ነገርኩት። የፈራሁት አልቀረም።

«በሰው ጉዳት ላይ ቆሜ ና ና ልበል?»

መጣራት አይደለም አባ፣ እነሱ ናቸው የሚፈልጉን አልኩት።

«የሚፈልገን ያውቀናል።»

ያውቀናል... የሚያውቀው ቦታ ግን በቆርቆሮ ታጥሯል። ይህን አላልኩትም። ተናድጃለሁ። እሱም እውነቱን ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

መጋቢት 25

ፋሲካ ደርሷል። ዱባይ ተራ ሰው መተላለፊያ አጥቷል። ጥቁር የሚጠይቅ የለም፣ አልሐምዱሊላህ... ሱቃችን ባዶ ሲሆን ደስ ሊለኝ ነው ወይስ ሊከፋኝ? ምን ዓይነት ንግድ ላይ ነው የተወለድኩት?

ሚያዝያ 17

እትዬ ፋንታዬ መጡ! የራጉኤል ጊዜ ደንበኛችን። ለልጅ ልጃቸው ጫማ ሊገዙ ዱባይ ተራ ገብተው፣ መጸዳጃ ሲፈልጉ ሰሌዳውን አነበቡ። (ሽንት ቤቱ ለአንድ ቀን ጠቀመን።) በሩ ላይ ቆመው አባን አዩትና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ጋሽ ሰላሁዲን! አሉ እንዴ? እኔ እኮ አርፈዋል ብዬ...»

ጥቁር ለብሰዋል። አባ እንደ ልማዱ አልጠየቀም። ራሳቸው ተናገሩ። ባለቤታቸው ናቸው፣ በጥር።

«ልጄን ጋሽ ሰላሁዲን ጋ ሩጪ አልኳት። ሄዳ ቆርቆሮ አገኘች። ሸክመኞቹን ብትጠይቅ ለቀዋል አሏት፣ የት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። በስልኳም ፈለገች። የሀዘን ልብስ መርካቶ እያለች ትጽፋለች፣ እሱ የዘፈን መዓት ያመጣላታል።»

በመጨረሻ የጎረቤት ቀሚስ ተዋሱ። ሰፊ ነበር፤ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ያዙት፣ መርፌ ቁልፉም መንገድ ላይ ተፈታ። «ባሌን ስቀብር ቀሚስ ይዤ ነበር፣ ጋሽ ሰላሁዲን። ደረቴን እንኳ አልመታሁም። እጄ አልተፈታልኝም።»

አባ መደርደሪያውን ይዞ ቆመ።

«ፈልገን አጣንዎ» አሉት። ወቀሳ አልነበረም። እንዲያው የሆነውን መናገራቸው ነው። ወቀሳ ቢሆን ይሻለው ነበር መሰለኝ።

አንድ ቀሚስ አወረደ። አልለካቸውም፣ ልካቸውን ያውቃል። ዋጋም አልተነሳ። ደረጃውን እስከ ታች ሸኝቷቸው ሲመለስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

ሚያዝያ 18

አባ ዛሬ ሻሽ አላጣጠፈም።

ሚያዝያ 21

ሻሽ እያጣጠፈ፣ ሳያየኝ፣ «ጻፊው» አለ።

ምኑን?

«ያልሽኝን ቃል።»

ከዚያ ሕጉ መጣ። ቅናሽ የሚል አይኑርበት። ይፍጠኑ አይባል። የሚስቅ ሰው ፎቶ እንዳላይ። ተመልሰው ይምጡ የሚለውን... «እሱን እንኳ አንቺም ታውቂዋለሽ።» መጨረሻ ላይ ፈጣሪ ያጽናችሁ በይ።

በሦስቱም ሀ ልጻፈው ወይ አልኩት። «ሦስት ሀ ምን ይሠራል?» አስረዳሁት። በስሙ አንዲት ፊደል ሰሌዳ ያስመለሰ ሰው ነው፤ እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ዕንባ ያለበት ዓይን አጥርቶ አያይም» አለ። «በሦስቱም አድርጊው።»

ግንቦት 3

ተደወለ። አባ ነው ያነሳው፣ የደዋዩ ድምፅ ለኔም ይሰማል። ሶሬሳ እባላለሁ አለ፣ ከቃሊቲ ነው የምደውለው። ወጣት ነው። «እንትን... ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው።» አባ ጠበቀው። «የሀዘን ልብስ። ለእህቶቼ።»

ቃሉ ሱቃችን ውስጥ ተባለ። ጣሪያው አልወረደም።

«ለስንት ሰው?» አለ አባ። እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጨመረ። «ደረጃውን አትውጣ ልጄ። ታች ስትደርስ ደውልልኝ፣ እኔ አወርደዋለሁ።»

በዚያ ጉልበቱ ወረደ። በመስኮት አየኋቸው። ልጁ ፌስታሉን ተቀብሎ አልሄደም፤ ቆመው ያወራሉ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

ግንቦት 20

ረመዳን ነው። በጾም አፉ ዛሬም ሲወርድ ሲወጣ ዋለ። እኔ ላድርስ ስለው «አንቺ ምን ብለሽ ታጽናኛለሽ?» አለኝ። ከፋኝ። ግን እውነቱን ነው። እኔ ፈጣሪ ያጽናችሁ ስል ለራሴ ማስታወቂያ ይመስለኛል። ይለመድ ይሆን?

ሰኔ 13

ገጹ ሰዎቹ ምን ብለው ጽፈው እንደደረሱን ያሳያል። ለአባ አነበብኩለት። የሀዘን ልብስ መርካቶ። የለቅሶ ልብስ ዛሬ የሚገኝ። ለእናት ሀዘን እስከ መቼ ጥቁር ይለበሳል...

ይሄኛው ልብስ እንኳ አልፈለገም። የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ስልኩን ጠየቀ። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ቁልፍ ቃል፣ ቁልፍ ቃል ስል... ለካ ሰው ብቻውን ሆኖ የሚናገረው ነው።

አባ ቀና አለ። «ማነው?»

አይታወቅም አባ፣ ስም አያሳይም።

«ፈጣሪ ያጽናው» አለ። ለስልኬ።

ሰኔ 28

የሕንጻው ባለቤት ለቁልፉ መጣ። አባ ሻይ አዘዘለት። ተጨዋወቱ። ሰውየው ሄደ፣ ቁልፉ እዚያው መሳቢያ ውስጥ አለ። ውሉ ታደሰ!

ስለ ገጹ ምንም አላለኝም። «ሰሌዳው ገና አዲስ ነው፣ ያሳዝናል» አለ ብቻ። ወደ መጸዳጃው ሄጄ አለቀስኩ።

ሐምሌ 5

አሁን ከሰዓት ከሰዓት ራሱ ይጠይቀኛል። «ዛሬ ምን ብለው ፈለጉን?» አነብለታለሁ፣ እሱ ለያንዳንዱ ያጽናው፣ ያጽናት ይላል።

ዛሬ አንዱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ልዝለለው?

«ምን ይላል?»

«ሰላዲን ጥቁር መርካቶ ይላል፣ አባ።» ሁ የላትም።

መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ። ስልኩን ተቀብሎኝ ራሱ አነበበው። ያ ሰሌዳ ጸሐፊ ከነሰሌዳው ደረጃውን ሲወርድ ታየኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።

ስልኩን መለሰልኝ።

«ሰውየው ለቅሶ ላይ ነው» አለ። «እንደዚህም አድርገሽ ጨምሪው።»