ከጎታው ጀርባ በአናቴ ስቆም

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለያየን ዛሬ አርባ ቀን ሞላን። ካህናቱ ፍትሐትሽን አድርሰው ሄዱ፤ ሰዉም ከዳሱ ሥር ተነስቶ «ነፍስ ይማር» እያለ ተበተነ። እኔ ልጅሽ አያሌው ግን ያው አንቺ ያስቀመጥሽኝ ቦታ ነኝ። ከሁለቱ ጎታዎች ጀርባ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ በድሮ የሒሳብ ደብተሬ ትርፍ ገጾች ላይ እጽፍልሻለሁ። ብርሃን «አይጥ በሳችው» እያልሽ ሳትደፍኚ በተውሽው ቀዳዳ ይገባልኛል።

ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ብዋሽሽም ድሮም ታውቂብኝ ነበር።

መጀመሪያ የቤትሽን ወሬ ልንገርሽ። ማሽላሽ ታጭዶ ተወቅቷል፤ ጎረቤቱ በደቦ ወጥቶልሽ እህሉን ራሱ ተሸክሞ አስገባው። ጎታዎቹ እስከ አፋቸው ሞልተዋል። ሲሞሏቸው አቧራው እላዬ ላይ ወርዶብኝ ሳል እንዳያመልጠኝ እጄን ነክሼ ዋልኩ፤ ጠባሳው እስካሁን አለ። ላሚቱ ሴት ጥጃ ወልዳለች። እህቴ ትርንጎ በአንድ ወር ውስጥ አሮጊት ሆናልሻለች፤ የቀበሌ ስብሰባ ሳይቀር አንቺን ተክታ ትቀመጣለች። ምግቤን በሁለቱ ጎታዎች መሃል ታሾልክልኝና ቶሎ ትሄዳለች። እንዳንቺ ቆማ አታወራኝም፣ ትፈራለች። አልፈርድባትም።

ሰው ሁሉ አሁንም ጅቡቲ ያለሁ ይመስለዋል። አይ እማ፣ እንዴት ያለ ውሸት ነበር የዋሸሽልኝ! ለውትድርና የሚሄዱት ስም ሲለጠፍ የእኔ ከላይ ሦስተኛ ነበር። በገበያ ቀን ሁለት ጓደኞቼ ከቆቦ ገበያ ታፍሰው መኪና ላይ ሲጫኑ ዓይንሽ እያየ ነው። የዚያኑ ዕለት እዚህ ከተትሽኝና በማግስቱ ቀበሌ ሄደሽ «ልጄ ከአፋር ነጋዴዎች ጋር ወደ ጅቡቲ ጠፋብኝ፣ ያዙልኝ!» ብለሽ አለቀስሽ። ያዙልኝ ማለትሽ! ሊቀመንበሩ ራሱ አጽናንቶ ሸኘሽ። ስትነግሪኝ አፍሽን በነጠላሽ ይዘሽ በሳቅ ተንፈቀፈቅሽ። «ግፋ ቢል ሁለት ሳምንት ነው፣ ቀን እስኪያልፍ» አልሽኝ። ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ።

ይህ ቦታ ቁመቴን አያስተኛኝም፤ ክንዶቼን ብዘረጋ ግራና ቀኙን እነካለሁ። በሦስተኛው ወር ገደማ ሰው የሌለበት ሰዓት ጠብቀሽ «ና ውጣ፣ እግርህን አፍታታ» ስትዪኝ ልነሳ ብዬ ጉልበቴ ከዳኝና እንደ ጆንያ ወደቅኩ። አየሽኝ፤ ፊትሽን አዞርሽ። ያን ቀን ፈራሁ። ጦርነት ያላየ ሰው እናቱ ቤት ተቀምጦ ሽባ ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

ሕንዱ የሒሳብ አስተማሪያችን ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። በየጠዋቱ ከቤቱ በስተጀርባ ሰሌን አንጥፎ በአናቱ ይቆም ነበር፤ እኛ አጥር ላይ ተንጠልጥለን ስንስቅ እሱ ቁልቁል ሆኖ «ደህና አደራችሁ» ይለን ነበር። ዮጋ ይባላል አለን። አንድ ሰሞን ከትምህርት በኋላ ሦስት ነገር አሳይቶናል፤ በአፍንጫ በዝግታ ተንፍሶ ትንፋሽን መያዝ፣ እግርን ጭን ላይ አቆላልፎ መቀመጥ፣ እና በአናት መቆም። እኔ ከሁሉም የባስኩ ፌዘኛ ነበርኩ። «ቦታ አይፈልግም» ያለን ብቻ በጆሮዬ ቀርቷል። እስቲ ይኼ ሰውዬ እውነቱን ይሁን አይሁን ልየው ብዬ ከራሴ ጋር ተወራረድኩ።

ጉድ ነው መቼም ጀማሪ መሆን። እግሬን ላቆላልፍ ስል ጉልበቴ ጆሮዬ ድረስ ቆመ። ትንፋሼን ልያዝ ስል ዓይኔ ተጎልጉሎ የሚወጣ መሰለኝ፤ ያዞረኝና ግድግዳውን ተደግፌ እቀራለሁ። በአናቴ ልቁም ስል ደግሞ ጎታው ላይ ወድቄ ልስኑን ሰነጠቅኩት። አምስት ቀን ሞክሬ በስድስተኛው ሁለት እግሬ ወደ ላይ ወጣ። ደስታዬን ሳልጨርስ አንቺ ቆሎ ልታቀብይኝ በጎታዎቹ መሃል አጮለቅሽ። ጭንቅላቴን በጠበቅሽበት ቦታ ሁለት እግር አየሽ። «በስመ አብ!» ብለሽ ሮጠሽ ጸበሉን ይዘሽ መጣሽና ውስጥ እግሬ ላይ ረጨሽው። ሰይጣን ያዘው ብለሻላ! እየወደቅኩ ስስቅ የባሰ አለቀስሽ። ነገሩን ሳስረዳሽ ደግሞ ተናደድሽ። «ተዘቅዝቃችሁ እንድትማሩ ነው ከሕንድ ድረስ ሰው ያስመጡላችሁ?» አልሽኝ።

ግን በማግስቱ ሙቀጫውን አምጥተሽ ከጎታው ፊት ለፊት ተከልሽው። ስወድቅ ድምፁ ጎረቤት እንዳይደርስ መሸፈኛ ይሁን ብለሽ ነው። ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ አንቺ ትወቅጫለሽ፣ እኔ እወድቃለሁ። ምክንያት እንዲሆንሽ የመንደሩን በርበሬ ሁሉ ልውቀጥላችሁ ብለሽ ሰበሰብሽ። ሞት ይርሳኝ፣ የዚያ በርበሬ ነገር! ብናኙ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ተገልብጬ ሳስነጥስ አንቺም ከጎታው ማዶ ሆነሽ እያስነጠስሽ ስትሸፍኚልኝ፣ ሁለታችንም ልንያዝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማሽላ ሆነ።

ቆጠራውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። በአናቴ ቆሜ የምቆየውን በዘነዘናሽ ምት ትቆጥሪልኝ ጀመር። ዘጠኝ፣ አሥራ አራት፣ ሠላሳ። «መቶ የሞላህ ለታ ቀን ያልፋል፤ ከዚህ ትወጣለህ» አልሽኝ፣ እንደ ስለት። እግሬ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዘነዘናውን ታፈጥኚው እንደነበር የማላውቅ ይመስልሻል? አውቅ ነበር። ዝም ያልኩሽ እኔም መቶውን ስለፈለግኩ ነው። ስድሳ ስምንት ደረስን።

ከዚያ ክረምቱ ወጥቶ ወባው መጣ። ሁለት ቀን ስትንቀጠቀጪ ከጎታው ጀርባ ሆኜ ጥርስሽ ሲንገጫገጭ እሰማ ነበር። ልውጣና ልሸከምሽ ስል «ከወጣህ ጡቴን እረግማለሁ» አልሽኝ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውሽ ወጡ። ከቀትር በኋላ ከአስፋልቱ በኩል እሪታ ተሰማ። እሪታው ወደ ቤታችን እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። በዚያ ነው ያወቅኩት።

ቤቱ በሰው ሞላ። አልቃሿ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦ «አንድ ወንድ ወልደሽ ሰደሽ ለጅቡቲ፣ ጎረቤት ቀበረሽ ምነዋ እናቲ።» እማ፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጧል፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። እግሬን አቆላልፌ ተቀመጥኩና ያንን ትንፋሽ ያዝኩ። በአፍንጫ በዝግታ ማስገባት፣ መያዝ፣ በዝግታ ማስወጣት። ሦስት ቀን ሙሉ። አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም።

በሦስተኛው ቀን አንዱ ለቀስተኛ ጎታው ሥር ተቀምጦ ኖሮ ብድግ አለ። «እዚህ እባብ አለ፤ ሲተነፍስ ሰማሁት፣ ጎታውን እናንሳ!» አለ። ጎታዎቹ ያኔ ባዶ ነበሩ፣ ሁለት ወንድ ያነሳቸዋል። በቃ አበቃልኝ አልኩ። ያን ጊዜ ጎረቤታችን እማማ ዘሐራ ቁጣ ቁጣ ባለ ድምፅ «ተቀመጥ አንተ! የቤቱ ቆሌ ነው። እመቤቱ ሞታበት ቢተነፍስ ምን ይደንቃል? የሚነካው ሰው ቤቱ ይጥፋ!» አለች። ማንም አልነካኝም። ማታ ሳይሆን ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰዉ እያየ፣ ለቆሌው ብላ በጣባ ወተት አምጥታ ከጎታው ሥር አኖረች።

በየሁለት ሦስት ቀኑ ወተት ማምጣት ልማድ አደረገችው። ትርንጎ እንዳትጠረጠር ዝም አለች፣ እኔም እጠጣለሁ። አንድ ቀን ግን ከወተቱ ጎን አንድ እፍኝ ቆሎ አገኘሁ። እባብ ቆሎ ይበላል እንዴ? ቆሎውን እጄ ላይ ይዤ ሳየው ዋልኩ። ይህቺ ሴት ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። ያ ትንፋሽ ከሞት አዳነኝ፤ ግን ከዚያ ወዲያ አልለቀቀኝም። ላለቅስሽ እፈልግና ደረቴ ራሱ ያውቅበታል፣ ይይዘዋል። መርዶም ያረዳኝ የለም። የማንም ልጅ ሩቅ ቢሆን ሽማግሌ ሄዶ፣ አስቀምጦ፣ «እናትህ አርፋለች» ይለዋል፤ ደግፈው ይዘው ያስለቅሱታል። የእኔን መርዶ ጅቡቲ የሚሻገር ነጋዴ ሲገኝ እንልክበታለን ብለው ተስማምተዋል። አርባ ቀን ሙሉ እናቱ ያልሞተችበት ሰው ሆኜ ከረምኩ። ከዚህ ጥበት ይልቅ የከፋው ይኼኛው ነው። ዮጋውንም ጠላሁት፤ አንድም ቀን እግሬን አላነሳሁም።

ዛሬ ሰዉ ሁሉ ዳሱ ሥር ሲበላ እማማ ዘሐራ ለብቻዋ ወደ ቤት ገባች። ወተቱን አኖረች፤ አልሄደችም። ጎታው ፊት ለፊት ቁጭ ስትል ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰማሁ። «አያሌው ልጄ» አለች፣ በሹክሹክታ። «እናትህ አርፋለች። ከእኔ ስማ፣ ሰው እንደሌለው አትሁን። በደንብ ነው የቀበርናት። ኢናሊላሂ።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ውጭ «ጨው አንሷል አሉ፣ ልወቅጥ ነው!» ብላ ጮኸች። ዘነዘናሽን አነሳች። «በል አሁን አልቅስ» አለችኝ።

አለቀስኩ እማ። እንደ ጥጃ ጮኼ አለቀስኩ። በእያንዳንዱ ምት ውስጥ «እማዬ» ብዬ ጠራሁሽ፤ ድምፄን የጨዉ መሰበር ዋጠው። ከውጭ አንዷ «ይበቃል እኮ ጨዉ!» ስትል ሰማሁ፤ እማማ ዘሐራ መውቀጧን ቀጠለች። ጨው ሲያልቅ የሙቀጫው ድምፅ እንደሚለወጥ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እንጨት ከእንጨት ሲገናኝ። ጨዉ አለቀ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር። እስክጨርስ ድረስ ባዶውን ሙቀጫ ወቀጠችልኝ።

መቼ እንደምወጣ አላውቅም። መንገዱ ላይ ወታደር የጫኑ መኪናዎች ወደ ሰሜን አሁንም ያልፋሉ፣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። መቃብርሽን እስካይ ግን አንቺን የማስብበት ቦታ ይኸው ነው፤ አናቴ መሬት፣ እግሬ ወደ ሰማይ፣ ከጎታሽ ጀርባ። ነገ በቀትር እማማ ዘሐራ፣ ስትወጣ እንዳለችኝ፣ ልትወቅጥ ትመጣለች። ከስድሳ ዘጠኝ እጀምራለሁ፤ እግሬ ሲንቀጠቀጥ እንደ ድሮው አፍጥኚልኝ።

ልጅሽ አያሌው