ቶዮታው ወይስ ኢሱዙው?

ጥቅምት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ከጅዳ ባመጣሁት ገንዘብ የናፍጣ ፒክአፕ ልገዛ ነው፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ግራ ገብቶኛል። ወንድሜ ሰይድ «ቶዮታ ነገ ብትሸጪውም አያከስርሽም» ይላል። አጎቴ ደግሞ «ጭነት የሚችለው ኢሱዙ ነው» ይላሉ።

ዛሬ ለሽያጭ የቀረቡትን ሁለቱንም ዳገቱ ላይ ልንሞክራቸው ወጣን። ኢሱዙው ውስጥ ገና እንደገባን ጎረቤታችንን ከድጃን ምጥ ያዛትና ዳገቱ ላይ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዘናት በረርን። ከኋላ ወንበር አቅፌያት «አብሽሪ፣ ደርሰናል» እላታለሁ። እሷ እጄን ጨምድዳ ይዛ ታቃስታለች። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች።

ስንመለስ አጎቴ «ታዲያ ዳገቱን እንዴት ወጣው?» አሉኝ። ዳገት መውጣታችንንም አላስታውስም። ነገ ቶዮታውን እሞክራለሁ፤ ግን ከምን ጋር ላወዳድረው?