ስለ አባቴ ጉልበትና ስለ ክኒኖቹ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለአቶ ወልደየስ፤

አባቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? የደብረ ብርሃን ብርድስ ትንሽ ረገብ አለልዎት? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ልጅዎ ሐምራዊት፣ የእናንተ ናፍቆት ካልሆነ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የጉልበትዎን ነገር ግን እንደ ሌላው ጊዜ በሰላምታ መሃል ጠይቄ አላልፈውም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለእሱ ነው።

በስልክማ ሞክሬ ነበር። ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ ይሉኝና ስልኩን ለእማዬ ያቀብሏታል። ስለዚህ ነገ ወደ አገር ቤት በምትሄደው በፍቅርአዲስ እጅ ላክሁልዎት፤ አምስተርዳም ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ወረቀት እንደ ስልክ መሃል ላይ ለእማዬ አይተላለፍም።

እዚህ አገር ሃውስአርት የሚሉት የቤተሰብ ሐኪም አለ። ራስዎንም ይመምዎት ወገብዎን፣ መጀመሪያ የሚሰጥዎት ፓራሲታሞል ነው። እኛ ሐበሾች ስንገናኝ የምናማው እሱን ነው። ባለፈው ሳምንት ፍራሽ ሳነሳ ትከሻዬን ወለም አለኝና ጠንከር ያለውን፣ ለእርስዎም የላክሁትን ኢቡፕሮፌን ልገዛ ፋርማሲ ገባሁ። ባለሙያዋ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት በጥያቄ ያዘችኝ፤ ጨጓራ አለብሽ ወይ፣ ኩላሊትሽስ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ፣ ሌላ ማስታገሻስ? ሳትበዪ እንዳትውጪው፣ በጥቂት ቀን ካልተሻለሽም ሐኪም ዘንድ ሂጂ አለችኝ። ይቺ ሴትዮ መድኃኒት ልትሸጥልኝ ነው ወይስ ልትድረኝ እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር። የደም ግፊት ስትል ግን እርስዎ ትዝ አሉኝና ሳቄ ጠፋ።

ቤት እንደገባሁ ለእህቴ ለየትነበርሽ ደውዬ አፋጠጥኳት። አይቆጧት፣ ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ብለው፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ ኢቡፕሮፌኑን ይውጣሉ አሉ። ሕመሙ ጋብ ሲልልዎት ይሰግዳሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ማታ ደግሞ ከሰፈሩ ፋርማሲ የገዙትን ዳይክሎፌናክ ይደግሙበታል። የግፊቱ መድኃኒትም በዚያ ላይ አለ። ሰሞኑን ሆድዎን ያቃጥልዎታል፣ ቁርጭምጭሚትዎም ማበጥ ጀምሯል አለችኝ። ስግደቱ ለምን እንደሆነም ጠየቅኋት። በልመና ነው የነገረችኝ። ባለቤቴ መልአኩ የመግቢያ ፈቃድ አግኝቶ እዚህ አብሮኝ እንዲኖር ተስለው ነው። አባቴ፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ልጅ አባቷን ስትመክር ያስቃል፤ ይሳቁብኝና ይስሙኝ። ሁለቱ ክኒኖች ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ተደርበው አይወሰዱም። በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ጨጓራ ያቆስላሉ። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግፊቱን ከፍ ሊያደርጉበት፣ ኩላሊቱንም ሊጎዱበት ይችላሉ። የጭነት መኪና በሚነዱበት ዘመን፣ የሞተሩ ሙቀት መጠቆሚያ ቀይ ሲያሳይ በጨርቅ ሸፍነው መንገድዎን ቀጥለው ያውቃሉ? ጉልበትዎን እያደረጉት ያሉት እንደዚያ ነው።

ክኒኖቹን እንድትሰውርብዎ ለየትነበርሽ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ የጠፉብዎት ለዚያ ነውና አይፈልጓቸው። የግፊቱን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጡ። የሚውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዛ ጤና ጣቢያ ልትወስድዎት ስትለምንዎት እምቢ እንዳሏት ሰምቻለሁ። አሁን እኔም እየለመንኩዎት ነው፤ ይህን አንብበው ሲጨርሱ አብረዋት ይሂዱ። ደምዎንና ኩላሊትዎን ይመርምሩልዎት፤ ለጉልበትዎ የሚስማማውንም እነሱ ይንገሩዎት። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰዎት ግን ነገ ሳይሉ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይግቡ። ይህን ለአባት መጻፍ ነውር ነው ብዬ ልተወው ነበር፤ ፈራሁና ጻፍኩት።

ስለት እንዴት ይቀራል እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ እሁድ ሮተርዳም ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። የታመመ ሰው ቆሞ ራሱን ዝቅ ቢያደርግ፣ ያም ካቃተው ተቀምጦ ቢጸልይ ፈጣሪ ይቀበለዋል አሉኝ። የእርስዎንም የንስሐ አባት ይጠይቋቸው። ሌላም አንድ ነገር ጠይቄያቸው ፈገግ ብለው ባረኩኝ።

የመልአኩ ፈቃድ ገና መልስ አላገኘም። እንዲመጣልኝ ምን ያህል እንደምመኝ እርስዎ ያውቃሉ። ነገር ግን ባሌን በአባቴ ጤና ልገዛው አልፈልግም፤ እሱም ቢሰማ እሺ አይልም።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። የትነበርሽን እንዳይቀየሟት፤ አሳልፋ የሰጠችዎት ስለምትወድዎት ነው። ልጇን ኡራኤልን አክስትህ ስማሃለች ይበሉልኝ፤ ለጎረቤታችን ለእሜቴ ኤልፍነሽም ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

የንስሐ አባቴን የጠየቅኋቸው፣ ልጅ የአባቷን ስግደት ልትቀበለው ትችል እንደሆነ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ከመግባቴ በፊት የእርስዎን ስግደት እኔ ይዤዋለሁ። ስለቱ የእርስዎ፣ ጉልበቱ የእኔ ይሁን። እርስዎ ተቀምጠው አሜን ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሐምራዊት
ዲመን (አምስተርዳም አጠገብ)፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.