ያልታሸገው ድምፅ

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያምሻል? እኛ ደኅና ነን። እማዬ ደኅና ነች፤ ዓይኗ ብቻ አንቺ ለጋሼ ቀብር መጥተሽ ካየሻት ጊዜ ይልቅ ብሷል። እኔም እማራለሁ። የቤቱን ነገር ከጠየቅሽኝ፣ ሦስት ሰው፣ እማዬንና ሁለት ወንዶች ልጆቿን፣ የለመደ ቤት ለሁለት ሰው ይሰፋል። ራት ላይ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ነው።

ባለፈው ጋሼ የሠራውን የልብስ ልኬት ፕሮግራም ልኬልሽ፣ «ይከፈታል፣ ልኬቱንም ያሳያል፣ ግን አይናገርም» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም ድምፅ ማጉያሽ ተበላሽቶ ይሆናል አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ።

ጋሼ ይህን ፕሮግራም ለእማዬ የሠራላት አንቺ መጀመሪያ ከቤት ከሄድሽ በኋላ ነው። እማዬ ልብስ የምትሰፋላቸውን ደንበኞች ልኬት ከደብተር ማንበብ ሲያቅታት፣ ቁልፍ ስትነካ ጮክ ብሎ የሚያነብላት ነገር አዘጋጀላት። ቃሉንም ቁጥሩንም አንድ በአንድ የቀዳው በራሱ ድምፅ ነው። ወገብ ከመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ «እሰይ፣ ይመችሽ» ይላል። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ በዚህ ተቀይማ ወጥታ፣ በማግሥቱ እህቷን ይዛ መጣች፤ የእሷም ይለካና ትስማ ብላ። እማዬ መርፌዋን እስክትጥል ሳቀች።

ፕሮግራሙ ያለበት ላፕቶፕ ግን የጋሼ መሥሪያ ቤት ንብረት ነበር። ጋሼ ባረፈ በአምስተኛው ሳምንት አለቃው ደውለው፣ በጣም በትሕትና፣ ዓርብ እንደሚወስዱትና ውስጡ ተጠርጎ ለሌላ ሠራተኛ እንደሚሰጥ ነገሩን። የእማዬ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሠራበት ሥርዓት፣ ሊኑክስ የሚባለው፣ ከላፕቶፑ ሌላ ዓይነት ነው፤ ከአንዱ ያመጣሽው ፕሮግራም ሌላው ላይ ይህ ጎደለኝ፣ ያ ጎደለኝ እያለ አይነሣም። መላውን ጋሼ አስተምሮኝ ነበር፦ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር በአንድ ፋይል ማሸግ። ሰው ቤት ሄዶ ጨው አበድሩኝ የማይል እንግዳ አድርገው ይለኝ ነበር። ደግሞም ያሸግህበት ማሽን ላይ ሠራ ብለህ እንዳትታለል፣ ምንም የማያውቀው ማሽን ላይ ሞክረው ብሎኛል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ጆሮዬ እስኪደክመው።

ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ አራት ቀን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ከሰዓት አሽጌ ጨረስኩና ከፈትኩት። «ትከሻ፣ አርባ ሁለት» አለኝ። እትዬ፣ ድምፁን ስሰማው ሌላ ማሽን የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ደጋግሜ አስነበብኩት፤ የማላውቃቸውን ሴቶች እጅጌ ሁሉ ሰማሁ። ከዚያ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ፣ ለአንቺም ልኬልሽ፣ ዓርብ ላፕቶፑን አስረከብኩ።

እማዬ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ልኬቱን አሳየ እንጂ አልተናገረም፤ ለካ ድምፁ ከታሸገው ፋይል ውስጥ አልነበረም። ጋሼ ቅጂዎቹን ያስቀመጠው ከፕሮግራሙ ውጪ፣ በግል ማኅደሩ ውስጥ ነው፤ እኔ ያሸግኩት የፕሮግራሙን ማኅደር ብቻ ነው። እዚያው ቤቱ፣ ጋሼ ላፕቶፕ ላይ፣ ስለሞከርኩት፣ ከጓዳ እያወጣ ሲናገር በእጁ የያዘው መሰለኝ። ሰኞ መሥሪያ ቤቱ ሮጥኩ። ቴክኒሻኑ ዲስኩ ከሥሩ እንደተጠረገ ነገረኝ። ምን ነበረበት ሲለኝ፣ ምንም አልኩት።

ለእማዬ መናገር አቃተኝ። ጋሼ ድምፁን ሲቀዳ እንዳያስተጋባበት ይገባበት የነበረው ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁ። ሸሚዞቹ እንደተሰቀሉ ናቸው። በሩን ዘግቼ፣ ድምፄን እንደ እሱ አወፍሬ፣ የልኬቶቹን ስም ሁሉ፣ ቁጥሩንም ከአንድ እስከ መቶ ሃምሳ ቀዳሁ። ስልሳን እንደ እሱ ሳብ አደረግኳት። «እሰይ፣ ይመችሽ»ን ግን ሰባት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። ይኼኛውን በትክክል አሸግኩት፤ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይም ሞከርኩት።

ቅዳሜ እማዬ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ዘርግታ ቁልፉን ነካች። «ደረት፣ ዘጠና አራት» አለ። መቀሷ ቆመ። ደግማ ነካችው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር ፊቷን አላየሁም። ኮምፒውተሩን ዳብሳ ዘጋችው።

«ወንበርህን ሳብና ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ» አለችኝ። «በራስህ ድምፅ ንገረኝ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ የማነብላት። ስለ ጠፋው ድምፅ አልጠየቀችኝም፣ አልነገርኳትም። አንቺ ግን፣ ጋሼ በስልክሽ የላከልሽ የድምፅ መልእክት ካለሽ እንዳትሰርዢው። ላኪልኝ ማለቴ አይደለም። መኖሩን ብቻ ልወቅ።

ባለሽበት ሰው አያሳጣሽ፤ ደግ ጎረቤት፣ ሙሉ ጤና ይስጥሽ።

ያለሽ ወንድምሽ