በፍየሌ ቆዳ ላይ ስለተጻፈው የአምባ 14 ጥንታዊ ታሪክ

ለክቡር አቶ ወንድምአገኝ
የ«ዳቡስ ማለዳ» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎና ከነዘጋቢዎችዎ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የማንጎ ማሳዬ ከታጠረብኝ ወዲህ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር፣ ስምዎን በየዕለቱ እያነሳሁ ደህና ነኝ።

ባለፈው ወር አቶ ካሣዬ ያመጡልዎትን የ1878 ዓ.ም. ብራና በፊት ገጽ አውጥተው፣ ቅድመ አያታቸው የመንደራችን ገዥ፣ የእኔ ማሳም የገዥው ግቢ እንደነበረ ስላበሰሩን ከልብ አመሰግናለሁ። ወረዳውም ጋዜጣዎን አምኖ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ያለማሁትን መሬት ለሙዚየም ብሎ አጥሮታል። ከዚያ ማሳ ሌላ የምበላበት ስለሌለኝ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ብራናው ቦታውን «ከአምባ 14 በስተምሥራቅ» ይለዋል። ይህን ቁጥር የሰጠን ከወሎ አምጥቶ ያሰፈረን ደርግ ነው። ገዥው ቁጥራችንን መቶ ዓመት ያህል ቀድመው ማወቃቸው፣ እርስዎም አንብበው አለመደንገጥዎ እኩል ያስደንቀኛል።

፪. የገዥው ዘር አቶ ካሣዬ እዚህ የደረሱት በ1972 ዓ.ም.፣ ከእኔ ጋር በአንድ የጭነት መኪና፣ መንገዱን ሙሉ እናቴ ጭን ላይ እያስመለሱ ነው።

፫. የታሪክ ባለሙያዎ ብራናውን አሽትተው ዕድሜውን መስክረዋል። ያሸተቱት ባለፈው ፋሲካ ለአቶ ካሣዬ የሸጥኳትን ፍየል ቆዳ ነው፤ ጅብ የነከሳት ጠባሳ በፎቶግራፍዎ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

፬. ከእኛ በፊት እዚያው የኖሩት ሼህ አብዱልሐሚድ ቢሮዎ ድረስ መጥተው ቦታው የቀርከሃ ጫካ እንጂ የማንም ግቢ እንዳልነበረ ቢናገሩ፣ ዘጋቢዎ የጽሑፍ ማስረጃ ጠይቀው መልሰዋቸዋል። ሰማንያ ዓመት የኖሩ ሰው ማስረጃ ካልሆኑ፣ የታረደች ፍየል እንዴት እንደሆነች ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ማንበብ ላላደከመው ዓይንዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ታማኝ አንባቢዎ
ሙሉነሽ፣ ከአምባ 14

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ላኪው ባልታወቀ ፖስታ ደርሶዎት፣ የእርስዎ ቅድመ አያት የሆሞሻ ጀግና እንደነበሩ በባለቀለም ገጽ ያወጁበትን ብራና የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀኑ ጳጉሜን ዘጠኝ መሆኑን ካላዩ፣ የመጨረሻውን መስመርም አላዩትም ማለት ነው፤ ጀግናው ያንኑ ማሳ ለእኔ ቅድመ አያት በርስትነት ሰጥተዋል። እውነት ነው ካሉ መሬቱ የእኔ ነው። ሐሰት ነው ካሉ ደግሞ ሁለቱንም ያሸተቱት አንድ ባለሙያ ናቸውና የአቶ ካሣዬም አብሮ ይቀደዳል። የትኛውን ማስተባበያ እንደሚያወጡ እስከ እሑድ ያስቡበት፤ እኔ ሰኞ ጠዋት አጥሩን ለማገዶ እፈልጠዋለሁ።